አምስተኛው ሰው

«ልጅቱ የዋሴ ልጅ ናት፤ ዳዊት ትደግማለች፤ ከቤተክርስቲያን ሌላ መሄጃ የላትም። ለጥር እናጋባቸው። ጳጳሱ ለክህነት ሲመጡ ቅስናውን ይቀበላል፤ በቃ፣ ነገሩ አለቀ።»

ቄስ ብዙነህ ይህን ለአለቃ ወልደ ጻድቅ ያሉት ሳሎን ውስጥ ሆነው በአገሬው ቋንቋ በኽምጣና ነበር። ሁለቱ ካህናት የቤት ጉዳይ ሲሆን በኽምጣና፣ የደብር ጉዳይ ሲሆን በአማርኛ ነው የሚነጋገሩት። ይኸኛው ሁለቱንም ነበርና አለቃ ወልደ ጻድቅ በየትኛው እንደሚመልሱ የቸገራቸው ይመስል ጢማቸውን ዳበሱ። ልጃቸው ምስራቅ ከግድግዳው ወዲህ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር፤ እጇ ክሩ ላይ ቀረ። የሚዳረው ታናሽ ወንድሟ ዲያቆን ምስክር ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ታገባለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ግን የለም። ምስራቅ ዞኑ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ዕቅድ ባለሙያ ናት። ማን መቼ ጡረታ እንደሚወጣ፣ ማን ዝውውር እንደሚጠይቅ፣ የጎደለው በማን እንደሚሞላ ስታሰላ ነው የምትውለው፤ ስለዚህ የቄስ ብዙነህን ንግግር ስትሰማ የራሷ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ የተቀመጠች መሰላት። ልዩነቱ መሥሪያ ቤቷ ቢያንስ የቅጥር ማስታወቂያ ይለጥፋል።

ከበሩ ሥር እናቷ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በሶ እየነፉ ነበር። እሳቸውም ሰምተዋል። በሶው የመንገድ ስንቅ ነው፤ ነገ ማለዳ ምስክር ይዞት የሚሄደው። እናትና ልጅ ተያዩ፤ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ወንፊቱን አንዴ ነቀነቁና አቆሙት፤ ድምፁ ማዶ ድረስ የሚሰማ መስሏቸው ይሆናል። ሦስቱ የሚያውቁትን ነገር አባትዬው ብቻ ሳያውቁ ነው ሁለት ሳምንት ያለፈው። እናት ልጃቸው ይናገራል ብለው ጠበቁ፤ ምስክር እህቱ ትናገርልኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ምስራቅ ደግሞ ፍልሰታ ይውጣ ብላ ጠበቀች፤ ልጁን የሚወስደው መኪና ግን ፍልሰታን የሚጠብቅ አልሆነም። «ከቅዳሴ በኋላ እነግራቸዋለሁ» አለች በሹክሹክታ። እናቷ ወንፊቱን መልሰው ያዙት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰቆጣ ወጣ ብላ ጉብታ ላይ ያለችው ኪዳነ ምሕረት፣ እንደማንኛውም ቤተክርስቲያን፣ ለመቀደስ አምስት ሰው ትፈልጋለች፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። አራት ከሆኑ ቅዳሴ የለም። «ቅዳሴ ታጎለ» የሚለውን ቃል የደብሩ ሰው ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፣ የሞት መርዶ እንደሚያወራ። ድሮ ዲያቆናቱ ተራ ጠብቀው፣ አንዳንዴም ተጣልተው ነበር የሚገቡት። አንዱ ነርስ ሆነ፤ አንዱ በበረሃ ወደ ሳዑዲዋ ጂዛን ሄደ፤ አንዱ ባጃጅ ይነዳል። በዚያ ክፉ ጊዜ የወጡና እስከ ዛሬ ወሬያቸው ያልተሰማም አሉ። አሁን የቀሩት ካህናት አለቃ ወልደ ጻድቅ፣ ቄስ ብዙነህና ዓይናቸው የደከመው መነኩሴ አባ እንግዳው ናቸው፤ ዲያቆናቱ ደግሞ ምስክርና ድምፃቸው ገና መጎርነን የጀመረ ሁለት የአብነት ተማሪዎች፣ ኪዳኑና ባንተአምላክ። ሰበካ ጉባኤው «አንች ለዞኑ ታቅጃለሽ፣ የኛንስ ነገር ብታይልን ምን አለ?» ብሎ የለመናት በሰኔ ነበር። ምስራቅም አየችላቸው። አምስቱን ቦታ ከላይ እስከ ታች ደረደረች፤ ዋናው ካህን፣ ረዳቱ፣ ዋናው ዲያቆን፣ ረዳቱ፣ ከታች ደግሞ መብራት ይዞ የሚቆመው አብሪው። ከላይ ሰው ሲጎድል ከሥር ያለው አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፤ እያለ እያለ ባዶው ቦታ ወደ ታች ይወርድና አብሪው ላይ ያርፋል። እዚያ ላይ «ክፍት» ብላ ጻፈች። ያን ቦታ ባዶ የምታደርገው ራሷ መሆኗን ግን ለማንም አልተናገረችም።

ቢሮ ስትደርስ ስብሰባው ሊጀመር ነው። የነሐሴ ጭቃ እስከ ደረጃው ወጥቶ፣ ሁሉም ሰው በር ላይ ጫማውን እየጠረገ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራል። አቶ ወንዳወቅ፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ናቸው፤ ሲቆጡም ሲቀልዱም ፊታቸው አንድ ነው። የዚህ ዓመት ዋና ጉዳይ የውኃ ፓምፖች ነበር። ደሃና ወረዳም ሆነ ሰሃላ ፓምፕ ይተከላል፤ ይበላሻል፤ የሚጠግን ሰው ከሌላ አገር ይቀጠራል፤ ሰውዬው ቋንቋው ይቸግረዋል፣ መንገዱ ይሰለቸዋል፣ ዓመት ሳይሞላው ዝውውር ይጠይቃል፤ ፓምፑም ተበላሽቶ ይከርማል። አምና ምስራቅ ከሁሉም ፊት ተነሥታ «እስከ መቼ የሚሄድ ሰው እንቀጥራለን? እናቱ ውኃ ስትሸከም ያየ፣ ኽምጣና የሚናገር የዚሁ አገር ልጅ ወስደን እናሠልጥን፤ ያ ይቀመጣል» ያለች ጊዜ ሰው ሁሉ ስቆባት ነበር። ዘንድሮ ዐሥር ልጆች ፈተና አልፈው ኮምቦልቻ ለሁለት ዓመት ሊሠለጥኑ ነው። የፈተናውን ጉዳይ እሷ አልነካችውም፤ ወንድሟ እንደተወዳደረ እንኳ የሰማችው ካለፈ በኋላ ነው። ቤት ሲመጣ ፊቱ ላይ የነበረውን ብርሃን አይታ ልትቆጣው አልቻለችም።

«ይቺ ዕቅድ የምስራቅ ናት፤ ሲሳካ የሁላችንም ትሆናለች» አሉ አቶ ወንዳወቅ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ «መኪናው ነገ ዐሥራ አንድ ተኩል ይነሣል። ወንድምሽ ተዘጋጀ? የቀረ ቦታው ለተጠባባቂ ነው። ያንች ወንድም ነው ብዬ ደቂቃ አልጠብቅም» አሏት። «ይመጣል» አለች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የከበዳት። በአንድ በኩል ለዞኑ አንድ ሰው ሞላች፣ በሌላ በኩል ከደብሩ አንድ ሰው አጎደለች፤ ሰውዬው ያው አንዱ ምስክር ነው፣ ለሁለት አይቆረጥ። እስክሪብቶዋን እየከፈተችና እየዘጋች ስብሰባው እስኪያልቅ ቆየች።

በፍልሰታ የሥራ ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። ስድስት ሰዓት ሳይሆን ፈቃድ ጠይቃ ወጣች። አለቃን ያገኘቻቸው ገበያው ዳር ካለው ሱቅ በር ላይ ነው፤ ጧፍና ዘቢብ ገዝተው ባለሱቁ የዘቢብ ዋጋ በየሳምንቱ እየጨመረ ያስቸገረውን እየነገራቸው፣ እሳቸው ደግሞ «ወይኑ እኛው ደጅ ቢበቅል አንተን ማን ይለምንህ ነበር» እያሉ ይቀልዱበታል። አለቃ ፍልሰታን ሙሉ የሚያድሩት ቤተክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ካለችው ጎጆ ነው፤ ምስክርም እንዲሁ። ዛሬ የወረዱት ለዘቢቡና ለጋብቻው ወሬ ብቻ ነበር። የቆመው ባጃጅ የሙሉሰው ነው፤ ያ ዲያቆን የነበረው። መስቀል ተሳልሞ አስገባቸው፤ ገንዘብ አልቀበልም አለ። «ያ ድምፅህ ለጥሩንባ ሆነ እንግዲህ» አሉት አለቃ፤ እሱም እየሳቀ አንገቱን ደፋ። ጉብታው ሥር ሲያወርዳቸው ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ላይ አየና አማተበ፤ ከዚያ ያለ ምንም ቃል ተመለሰ።

መውጫው ላይ የእጅ ፓምፕ አለ፤ እጀታው ከወለቀ ሁለት ክረምት አለፈው። ኅብስቱ ለሚጋገርበት ቤተልሔም የሚሆነው ውኃ ሳይቀር ከታች ከወንዝ ነው የሚወጣው። አለቃ አጠገቡ ሲደርሱ ሁልጊዜ ቆም ብለው ያርፋሉ፤ ዛሬም ቆሙ። «እስቲ ያን ዕቅድሽን አንብቢልኝ፤ እሑድ ጉባኤው ይጠይቀኛል» አሏት። ምስራቅ ከቦርሳዋ አውጥታ ማንበብ ጀመረች። «ዋና ካህን፤ ተፈላጊ ችሎታ...» ስትል አለቃ ሳቁ። «ተፈላጊ ችሎታ! እኔ እኮ አንች ሳትወለጅ ጀምሬ ነው የምቀድሰው፤ ችሎታ ያለህ ነህ ወይ ያለኝ ሰው የለም።» ምስራቅም ሳቀች፤ ቀጠለች፤ ከላይ ወደ ታች ወረደች፤ መጨረሻው ላይ ደረሰች። «አብሪ፤ ክፍት» አለች። አለቃ ሳቃቸውን አቆሙ። «ምነው? ምስክር ቄስ ሲሆን ኪዳኑ በሱ ቦታ፣ ባንተአምላክ በኪዳኑ። እስከዚያ ሌላ ልጅ ይደርሳል። ለምን ክፍት ይሆናል? ምስክር የት ሄዶ ነው አሁን እንዲህ የጎደለው?»

ከቅዳሴ በኋላ ብላ ነበር የወሰነችው፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም። ቂም ይዞ መቀደስ አይቻልም። አባቷና ምስክር ከተቀያየሙ ሁለቱም መቅደስ አይገቡም፤ ሁለቱ ከጎደሉ ደግሞ... ይህን እያሰበች ሳለ ዓይናቸው ዓይኗ ላይ ነው። ለሌላ ሰው ሊዋሽ ይችላል፤ ሊቀድሱ እየወጡ ላሉ አባት፣ ያውም ፊት ለፊት ለጠየቁ፣ እንዴት ተደርጎ? «አባዬ፣ ምስክር ነገ ይሄዳል» አለች። ኮምቦልቻንም፣ ሁለቱን ዓመትም፣ ፓምፑንም፣ ዕቅዱ የሷ መሆኑንም ሳትቆጥብ ነገረቻቸው። ስትጨርስ አለቃ እጃቸውን እጀታ በሌለው ፓምፕ ላይ አሳርፈው ነበር።

«ነገ?» አሉ።

«ነገ ማለዳ።»

አለቃ ጧፋቸውን በብብታቸው ይዘው ዳገቱን ጀመሩ፤ ምስራቅም ከኋላ ተከተለች። እስከ ዛሬ ያን ያህል የረዘመ ዳገት ወጥታ አታውቅም። የፈራችው ቁጣ አልነበረም፤ አባቷ ተቆጥተው አያውቁም። የፈራችው ግዝትን ነው። አለቃ መስቀሉን አንሥተው «ገዝቼሃለሁ፣ ከዚህች ደብር እንዳትወጣ» ካሉት ምስክር አይሄድም፤ ኮምቦልቻ ቀርቶ ወልድያም አይደርስም። ልጁ እንዲያ ያለ ልጅ ነው። ዕድሜውን ሁሉ እያየው የሚኖረው ያ ዕድል ያመለጠው ቀን ይሆናል፤ ያመጣችበትም እህቱ።

ግቢው በነጠላ ተሞልቷል። አለቃ ማንንም ሳያናግሩ በቀጥታ ወደ ቤተልሔሙ ሄደው ምስክርን በስሙ ጠሩትና ከወይራው ሥር አቆሙት። ምስራቅ ከሴቶች በር አጠገብ ሆና አየች። የአባቷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ምስክር አንገቱን ደፍቷል። አንዴ ቀና ብሎ በድንጋጤ አያቸው፤ መልሶ ደፋ። በቀኝ እጁ አንድ ነገር አመለከተ፣ ከዚያ በግራው። መጨረሻ ላይ መስቀሉ ተነሣና ራሱ ላይ አረፈ። ቡራኬ ይሁን ግዝት ከሩቅ አይለይም። ደወሉ ተደወለ። አለቃ ወደ ቤተልሔም ገቡ፤ ምስክር ግን አልገባም። ነጠላውን እንደ ማንኛውም ምእመን አመሳቅሎ ወንዶቹ መጨረሻ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሰው እርስ በእርሱ ተያየ። በየቀኑ መጋረጃው ውስጥ የሚያዩት ዲያቆን እዚህ ምን ይሠራል? ምስራቅ የቀሩትን ካህናትና ዲያቆናት በልቧ ደጋግማ ቆጠረች፤ አባቷም ከጎደሉ አራት ናቸው። አባቷ ተቀይመው ቀርተው ይሆናል፣ ቅዳሴው ይታጎላል፣ ያውም በፍልሰታ፣ ያውም በኔ ምክንያት አለች። የቤተልሔሙ በር ሳይከፈት ቆየ። አጠገቧ የቆሙት እማሆይ «ምነው ዘገየ?» አሉ።

ከዚያ ቃጭሉ ተሰማና ከቤተልሔም መብራት ወጣ። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚወጣው አብሪው ነው፣ የሁሉም ታናሽ፤ መብራቱም በልጅ ደረት ልክ ነበር ዝቅ ብሎ የሚመጣው። ዛሬ ከፍ ብሎ መጣ። ከመብራቱ በላይ ነጭ ጢም ታየ። አለቃ ወልደ ጻድቅ ናቸው። ካባቸው የለም፤ አክሊላቸው የለም። ለልጅ የተሰፋው የአብሪው ልብስ ጉልበታቸው ላይ ቀርቶ፣ ቀጫጭን እግራቸው ከሥሩ ወጥቶ፣ ጧፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለሉን እያዩ ይራመዳሉ። ከኋላቸው ባንተአምላክ፣ ትናንት አብሪ የነበረው፣ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ መጣ፤ ኪዳኑ በምስክር ቦታ ሆኖ ተከተለ። አባ እንግዳውም እጃቸው ተይዞ መጡ። መጨረሻ ላይ፣ የአለቃን ካባ ደርበው፣ ፊታቸው እንደ አመድ የነጣ ቄስ ብዙነህ ወጡ። የደብሩ ሰው አንድ ላይ ተነፈሰ። «ዓይኔ ነው?» አሉ እማሆይ። «አለቃ ናቸው?»

ምስራቅ ሕጉን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የካህን ልጅ ናት። ሲቸግር ቄስ የዲያቆኑን ሥራ ይሠራል፤ ዲያቆን ግን የቄሱን አይሠራም። ይህን እያወቀች ያን ዕቅድ ስትሠራ ትዝ አላላትም። ዓመት ሙሉ ቢሮ የምትስለው ቀስት ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚያመለክተው፤ ዕድገት፣ ደረጃ፣ ሹመት። ከላይ ያለው ሰው በሕይወቱ፣ በጤናው፣ በወግ በማዕረጉ እንዳለ ወርዶ የመጨረሻው ቦታ ላይ ይቆማል ብላ አስባ አታውቅም፤ ለዚያ የሚሆን ቀስትም የላት። አሁን ፊቷ ቆሞ ስታየው ፈራች። ደስታም አልነበረም፣ ሐዘንም አልነበረም፤ ከራሷ በጣም የሚበልጥ ነገር ደጃፍ ላይ በድንገት የደረሰች ሰው ፍርሃት ነው የያዛት። እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም።

ቄስ ብዙነህ መጀመሪያ ላይ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ረዳት ናቸው፤ አለቃ ባሉበት ዋና ሆነው ቀድሰው አያውቁም። አንድ ቦታ ላይ ቃሉ ጠፍቷቸው ቆም አሉ። አለቃ ጧፉን ትንሽ ወደ መጽሐፉ አስጠጉ እንጂ አፋቸውን አልከፈቱም። ቄስ ብዙነህ ቃሉን አገኙትና ቀጠሉ፤ እየቀጠሉ ሲሄዱ ድምፃቸው እየሞላ መጣ። ኪዳኑ መልእክቱን ሊያነብ ወጣ ሲል ድምፁ አንዴ ቀጠነበት አንዴ ጎረነነበት፤ ከጎኑ የቆመው መብራት ግን አልተነቃነቀም። ዘመናቸውን ሁሉ ሌላ ሰው መብራት ሲይዝላቸው የኖሩ አባት ለአንድ ጎረምሳ መብራት ይዘው፣ ሕዝቡ ሲመልስ ከሕዝቡ ጋር ይመልሳሉ። ምስራቅ ያን ጊዜ ገባት። አባቷ ጎዶሎ ብቻ አልሞሉም። እሳቸው ሲያልፉ ቄስ ብዙነህ ብቻቸውን ያን ቦታ ላይ ከሚቆሙ፣ እሳቸው አጠገባቸው እያሉ ይቁሙ ብለው ነው። «እርስ በእርሳችሁ ሰላም ተባባሉ» የሚለው አዋጅ ሲታወጅ ሕዝቡ ሁሉ ግራና ቀኝ እጅ ተነሣሣ። አለቃም መብራቱን እንደያዙ ወደ በሩ ዞረው ጎንበስ አሉ፤ ከወንዶቹ መጨረሻ ምስክር መሬት እስኪነካ ሰገደ።

ቅዳሴ ሲወጣ ሰማዩ ተከፍቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ምስራቅ ወንድሟን ወይራው ሥር አገኘችው። ዓይኑ አብጧል። «ምን አሉህ? ገዘቱህ?» አለችው።

«ምን ይገዝቱኛል! ‹አብሪው ወንጌል ሲነበብ በቀኝ ነው የሚቆም በግራ? እኔ የያዝኩት ልጅ ሆኜ ነው፤ ያኔ የቆምኩበትን ረስቼዋለሁ፤ አሳየኝ› አሉኝ። አሳየኋቸው። ‹ደግመህ አሳየኝ› አሉኝ። ደግሜ አሳየኋቸው። ከዚያ ‹ከነገ ጀምሮ መብራቱን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ዛሬ አንተ ከሕዝቡ ጋር ቁም፣ እያለህ ልልመደው› ብለው ባረኩኝ።»

ምስራቅ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቢሮ ውስጥ ሥራ ርክክብ የሚባል ነገር አለ፤ ሁለት ሰዎች ተኮራርፈው የሚፈራረሙት። እንዲህ ያለ ርክክብ ግን አይታ አታውቅም። አለቃ ቀስ ብለው መጡ፤ ልብሱን አውልቀዋል፤ ጣታቸው ላይ የቀዘቀዘ ሰም አለ። ቄስ ብዙነህ ካባውን አጥፈው በሁለት እጃቸው ይዘው ከኋላ ይከተሏቸዋል፤ ሊመልሱላቸው ነው። «ያዘው፤ ነገም ቅዳሴ አለ» አሏቸው አለቃ። ቄስ ብዙነህ ካባውን ወደ ደረታቸው አስጠጉና «የዋሴ ልጅስ ነገር?» አሉ በሹክሹክታ። አለቃ ምስክርን አዩት። «እሱን ነበር አስቀድመን መጠየቅ። አጠፋን» አሉ። ምስክር መሬት መሬት አየ፤ ቄስ ብዙነህም እንዲሁ።

አለቃ ወይራው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ወደ ምስራቅ ዘረጉ። «ያን ወረቀት አምጭው» አሏት። እሷም ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፤ እስክሪብቶ አወጣች። «ከላይ ብዙነህን አድርጊው። ልጆቹን አንዳንድ ደረጃ ከፍ አድርጊያቸው። ያች ክፍት ያልሻት ላይ እኔን ጻፊኝ።»

«ከታች?» አለች።

«ከታች ነዋ። እዚያ ላይ ተፈላጊ ችሎታ ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?»

ምስራቅ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ፊደል የቆጠረ፣ ዕድሜው ከሰባት ዓመት ያላነሰ» ብላ አነበበች።

አለቃ ወልደ ጻድቅ ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁለቱንም አሟላለሁ» አሉ፤ ሰሙንም ከጣታቸው እየላጡ ምስክርን መኪናው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቁት።